ኖታን በኪቦርድ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፦ የአሠራር፣ የመሣሪያና የሶፍትዌር ንጽጽር

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው አካባቢ ብቻ እንኳ ኖታ የሚጽፍ ሰው ጥቂት አይደለም። ለመዘምራን ድምፆችን የሚከፋፍል የኳየር መሪ፣ ለትራምፔትና ለሳክስፎን ተጫዋቾች የየድርሻቸውን ወረቀት የሚያዘጋጅ አቀናባሪ፣ መልመጃ የሚያሰናዳ መምህር፣ የመመረቂያ ሥራውን የሚጽፍ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ሁሉም ይዋል ይደር እንጂ ከእርሳስና ከኖታ ወረቀት ወደ ኮምፒውተር መሻገራቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ በብዛት የሚነሣው ጥያቄ «የትኛውን ኪቦርድ ልግዛ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ኖታው የሚገባው በምን ዓይነት መንገድ ነው የሚለው ነው። ኖታዎቹን አንድ በአንድ እየመረጠ ለሚጽፍ ሰው ከሁለት ኦክታቭ የማይበልጥ ትንሽ ኪቦርድ ይበቃዋል፤ ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ እየተጫወተ ለመቅዳት የሚያስብ ሰው ግን በዚያው ትንሽ ኪቦርድ ላይ ሥራው ገና ከመጀመሩ ይሰናከልበታል። መንገዱ ሳይለይ የተገዛ ኪቦርድ ወይ ይተርፋል ወይ ያጥራል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ መንገዶቹን፣ ቀጥሎ መሣሪያዎቹን፣ በመጨረሻም ሶፍትዌሮቹን ያነጻጽራል።

ዋጋ በብር አልጠቅስም። የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ለነገ ገዢ አይጠቅምም። አማራጮቹን እርስ በርሳቸው እያወዳደርኩ ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ እያልኩ እሄዳለሁ።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ፣ አንድ ገጽ ኖታ ተጽፎም ታርሞም እስኪያልቅ የሚወስደው ጠቅላላ ጊዜ ነው። ሲገባ ፈጣን የሚመስል መንገድ ለእርማት እጥፍ ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ ፈጣን ሊባል አይገባውም። ሁለተኛው፣ መንገዱ ለምንጽፈው ሙዚቃ መስማማቱ ነው፤ በቅኝት የተሠራ ዜማ፣ በ6/8 የሚሄድ ጭክጭካ፣ ያለ ቋሚ ምት የሚዜም ትዝታ፣ እያንዳንዳቸው ለሶፍትዌሩ የተለየ ፈተና ናቸው። ሦስተኛው የጸሐፊው የመጫወት ችሎታ ነው። አራተኛው የመብራትና የቦታ ጉዳይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቀጥላል ወይ፣ ኪቦርዱስ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል ወይ የሚለው መታየት አለበት። ከዚህ ሌላ የኬብል፣ የአዳፕተርና በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የሶፍትዌር ወጪ አለ። የአማርኛ ግጥም ከኖታው ሥር መጻፍም ለብዙዎቻችን ግዴታ ስለሆነ በመመዘኛነት መያዝ ይኖርበታል።

ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ ምን ይነግረዋል?

ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚግባቡበት ሥርዓት ሚዲ ይባላል፤ ደረጃው የወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ሲሆን መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ቁልፍ ሲጫኑ በገመዱ የሚያልፈው ድምፅ አይደለም። የሚያልፈው የቁልፉ ቁጥር፣ የተጫኑበት ኃይልና ቁልፉ የተለቀቀበት ቅጽበት ነው። መካከለኛው ዶ ቁጥሩ 60 ነው፤ ከጎኑ ያለው ጥቁር ቁልፍ 61 ነው። ያ 61 ዶ ሻርፕ ይሁን ሬ ፍላት ሚዲ አይናገርም፤ ሩብ ኖታ ይሁን ስምንተኛ ኖታም አይናገርም። ሁለቱንም ወይ ጸሐፊው ይወስናል ወይ ሶፍትዌሩ ይገምታል። ቀጥሎ የሚቀርቡት መንገዶች የሚለያዩት ከእነዚህ ውሳኔዎች የትኛውን ለጸሐፊው፣ የትኛውን ለሶፍትዌሩ በመተዋቸው ነው።

የማስገቢያ መንገዶች

*ያለ ሙዚቃ ኪቦርድ።* በማውዝ እየጠቆሙ ማስቀመጥ ለጀማሪ ግልጽ ነው፤ ከአንድ ገጽ በላይ ለሆነ ሥራ ግን ያደክማል። ከዚያ የሚሻለው የኮምፒውተሩን የላቲን ፊደሎች ከኤ እስከ ጂ ለድምፆቹ፣ ቁጥሮቹን ለኖታ ርዝመት መጠቀም ነው። በዶ ሬ ሚ የተማረ ሰው መጀመሪያ ላይ በልቡ መተርጎም ስለሚኖርበት ይዘገያል፤ ሶፍትዌሩም ለቀደመው ኖታ የሚቀርበውን ኦክታቭ ስለሚመርጥ ሰፊ ዝላይ ያለበት ዜማ በየጊዜው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መገፋት ይኖርበታል። የኮምፒውተሩ ጽሑፍ አማርኛ ላይ ከሆነ ፊደሎቹ ጨርሶ አይታዘዙም፤ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ የግድ ነው። እንዲህም ሆኖ አንድ ድምፅ ብቻ ላለው ዜማ ይህ መንገድ በቂ ነው፤ ምንም ሳይገዙ መጀመር የሚፈልጉ ከዚህ ቢጀምሩ አይከስሩም። ሦስትና አራት ድምፅ ያለው ኮርድ ሲበዛ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

*ደረጃ በደረጃ ማስገባት።* እዚህ ላይ አንዱ እጅ በኮምፒውተሩ ቁጥሮች ላይ፣ ሌላው በሙዚቃ ኪቦርዱ ላይ ይቀመጣል። ርዝመቱን ጸሐፊው በቁጥር ይወስናል፤ ድምፁን ኪቦርዱ ይሰጣል፤ ለሶፍትዌሩ የሚተርፈው ግምት የሻርፕና የፍላት ስያሜ ብቻ ነው። ሚውዝስኮር በተባለው ነፃ የኖታ ሶፍትዌር የኤን ፊደል ተጭኖ ወደ ማስገቢያው ይገባል፤ 5 ሩብ ኖታ፣ 4 ስምንተኛ፣ 3 አሥራ ስድስተኛ፣ 6 ግማሽ፣ 7 ሙሉ ኖታ ነው፤ 0 ዕረፍት ያስገባል። አንድ ጊዜ የተመረጠ ርዝመት እስኪቀየር ድረስ ስለሚጸና ተከታታይ ስምንተኛ ኖታዎች ሲመጡ ቁጥሩን መንካት አያስፈልግም። ኮርድ ከሆነ ቁልፎቹን አንድ ላይ መጫን ብቻ ነው። የምት ፍጥነት የለም፤ የሚያስቸኩል ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ) የለም፤ ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ቢሰማ እንኳ ኖታው ላይ የሚያመጣው ስሕተት የለም። ፒያኖ በወጉ መጫወት የማይችል፣ ነገር ግን ቁልፎቹን የሚያውቅ የክራር ወይም የጊታር ተጫዋች ያለ ችግር ይሠራበታል።

የዚህ መንገድ ድካም ርዝመቱ በየኖታው ሲቀያየር ይታያል። በ6/8 ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያለ የሚሄድ ባር እንውሰድ፤ ለአራት ድምፅ አራት ጊዜ ቁጥር መቀየር ይጠይቃል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም፦ የመጀመሪያውን ባር ጽፎ ምቱ እስከሚዘልቅበት ድረስ መገልበጥ፣ ከዚያ ርዝመቱን ሳይነካ ድምፁን ብቻ የሚተካውን የማስገቢያ ዓይነት መርጦ ከኪቦርዱ ላይ ዜማውን ብቻ መጫወት ነው። ሚውዝስኮርም ሲቤሊየስ የተባለው ሌላ የኖታ ሶፍትዌርም ይህ አላቸው፤ ዶሪኮ በተባለው ሦስተኛ ሶፍትዌርም ርዝመቱን መቆለፍ ይቻላል። የኛ ዘፈኖች አንድ የምት ቅርጽ ይዘው ረጅም ርቀት የሚሄዱ በመሆናቸው ከዚህ ዘዴ የሚገኘው ትርፍ ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛ ስንኝ በአንደኛው ምት ላይ ጥቂት ድምፆች ለውጦ ሲመጣም ገልብጦ ድምፁን መተካት ይበቃል።

ድምፁን ቀድሞ፣ ርዝመቱን አስከትሎ መስጠትም ይቻላል፤ ቁልፉን ሞክረው በጆሮ ካረጋገጡ በኋላ ቁጥሩን ሲጫኑ ይጻፋል። ፊናሌ የተባለው የቆየ የኖታ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ለረጅም ዘመን የለመዱት ይህንን ነው፤ ዶሪኮም ይፈቅደዋል፣ ሚውዝስኮርም በ4.5 እትሙ ጨምሮታል። ከካሴት ወይም ከስልክ ዜማ እያዳመጠ ለሚጽፍ ሰው፣ ያልታሰበ ድምፅ ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ መፈለግ ስለሚያስችል፣ እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

*እየተጫወቱ በቀጥታ መቅዳት።* ሜትሮኖሙ ይመታል፤ ጸሐፊው ይጫወታል፤ ሶፍትዌሩ የሰማውን ወደ ኖታ ይለውጣል። እዚህ ርዝመቱም ስያሜውም የሶፍትዌሩ ግምት ነው። ገና ያልሞከረ ሰው ከሁሉም የሚመኘው ይህንን ነው፤ ከሁሉም የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ሰው ሲጫወት ትንሽ ይቀድማል፣ ትንሽ ይዘገያል፤ ጆሮ ይቅር የሚለውን ይህን ልዩነት ሶፍትዌሩ በታማኝነት ወደ ነጥብ፣ ወደ ማያያዣና ወደ አጫጭር ዕረፍት ይለውጠዋል። ሩብ መሆን የነበረበት ኖታ ስምንተኛ ከነጥብ ጋር፣ ከኋላው የአሥራ ስድስተኛ ዕረፍት አስከትሎ ይመጣል።

ጭክጭካ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። በ6/8 ውስጥ ሁለትና ሦስት ምት እየተፈራረቁ የሚሰሙበት ሙዚቃ በመሆኑ፣ ሜትሮኖሙ በሩብ ኖታ የሚመታ ከሆነ ተጫዋቹንም ሶፍትዌሩንም ያሳስታል፤ ምቱ በሩብ ከነጥብ ላይ መስተካከል አለበት። ሶፍትዌሩ የሚቀበለው አጭሩ ኖታም ከስምንተኛ ወይም ቢበዛ ከአሥራ ስድስተኛ እንዳያንስ መገደብ ይገባል። በነፃ ፍጥነት የሚዜም ትዝታ ግን በዚህ መንገድ ባይሞከር ይሻላል። ፍሌክሲ ታይም የተባለው የሲቤሊየስ መቅጃ የተጫዋቹን ፍጥነት እየተከተለ ለመሄድ ስለሚሞክር ከሌሎቹ ይሻላል፤ በሚውዝስኮር ግን ይህ መንገድ ደካማ ጎኑ ነው። በትክክል የሚጠቅመው ምቱን ጠብቆ የሚጫወት ፒያኒስት ቋሚ ፍጥነት ያለው መዝሙር፣ ማርሽ ወይም የጣት መልመጃ ሲጽፍ ነው።

ላፕቶፑ ድምፁን አዘግይቶ የሚያሰማ ከሆነ መጫወቱ ራሱ ይሰናከላል። ኪቦርዱ የራሱ ስፒከር ካለው የሶፍትዌሩን ድምፅ አጥፍቶ ኪቦርዱን ብቻ መስማት ያለ ምንም ወጪ ችግሩን ይፈታል።

*በመቅረጫ ሶፍትዌር በኩል መምጣት።* በከተማው ስቱዲዮዎች የሚሠሩ አቀናባሪዎች ብዙውን ጊዜ ሥራቸው አስቀድሞ በኪዩቤዝ ወይም በሌላ መቅረጫ ውስጥ አለ። የሚዲ ፋይሉን አውጥቶ ወደ ኖታ ሶፍትዌር ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ከመውጣቱ በፊት ምቶቹ ወደ መስመራቸው መጠጋት፣ የኖታዎቹም ማብቂያ መስተካከል አለበት። ለጆሮ የተሠራውን ቅጂ ሳይነኩ ለኖታ የሚሆን ሁለተኛ ቅጂ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የዘፈኑ ስሜት ይጠፋል። ለከበሮና ለቤዝ ክፍሎች ይህ መንገድ ጊዜ ይቆጥባል፤ ለድምፃዊው ዜማ ግን ከባዶ ደረጃ በደረጃ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል።

የቅኝቶች ስያሜ

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ከኪቦርድ የሚገባ ኖታ ሁሉ አንድ የጋራ ችግር አለው፤ በቅኝት ለምንጽፍ ደግሞ ችግሩ ጎልቶ ይታያል። ከዶ የሚነሣው የአንቺሆዬ ቅኝት ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ይህንን ምንም ሻርፕና ፍላት በሌለበት ኪ ሲግኔቸር (በመስመሩ መነሻ በሚቀመጠው የሻርፕና የፍላት ምልክት) ከኪቦርድ ሲያስገቡት ሶፍትዌሩ አብዛኛውን ጊዜ ዶ፣ ዶ ሻርፕ፣ ፋ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ ብሎ ይጽፈዋል። ድምፁ አንድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች በሦስት ስሞች ላይ ተደራርበው ይቀመጣሉ። ኖታ አንባቢው የቅኝቱን አካሄድ በዓይኑ ማየት አይችልም፤ ዘማሪውም በየባሩ ይደናቀፋል።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ከገባ በኋላ ማረም ነው፤ በሚውዝስኮር ኖታውን መርጦ የጄን ፊደል መጫን፣ በሲቤሊየስ ኢንተርን መጫን ስያሜውን ይቀይረዋል። ሁለተኛውና የሚሻለው ከመጀመሩ በፊት ለቅኝቱ የሚስማማ ኪ ሲግኔቸር ማስቀመጥ ነው። ከዶ ለሚነሣ አምባሰል አራት ፍላት ቢቀመጥ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ያለ አንድ ተጨማሪ ምልክት ይገባሉ። ለአንቺሆዬ አምስት ፍላት ቢቀመጥ ምልክት የሚያስፈልገው ላ ብቻ ይሆናል። ለሜጀር ትዝታ ይህ ሁሉ አያሻም፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በነጮቹ ቁልፎች ላይ ነው።

ኪቦርዱ ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል ስለሚከፍል የክራርና የማሲንቆ ድምፅ ከእነዚህ ቁልፎች ጋር በትክክል ላይገጥም ይችላል። አንዳንድ ተጫዋቾች የኪቦርዳቸውን ስኬል ቲዩኒንግ ለቅኝት ያስተካክላሉ፤ ያ ማስተካከያ ግን ወደ ኖታው አይሻገርም፤ ሶፍትዌሩ የሚቀበለው ያው የቁልፉን ቁጥር ነው።

መሣሪያዎቹ

*ባለ 25 ቁልፍ ትንሽ ኪቦርድ።* የራሱ ድምፅ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ነው፤ ስለዚህ መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ይሠራል። ከላፕቶፑ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ በቦርሳ ይያዛል። ከሁለት ኦክታቭ ውጪ ያለውን ድምፅ ለማግኘት የኦክታቭ መቀያየሪያውን መጫን ያስፈልጋል። ደረጃ በደረጃ ለሚጽፍ ሰው በእኔ ግምት ከወጪው አንጻር ከዚህ የሚሻል የለም። ጠፍጣፋ መጫኛ ብቻ ያላቸው ግን ጣት ስለሚያሳስቱ እውነተኛ የፒያኖ ቅርጽ ያለው ቁልፍ ይመረጥ። ብዙዎቹ ከጎናቸው የከበሮ መምቻና ማዞሪያ አላቸው፤ ለኖታ አያስፈልጉም፤ ለእነሱ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ።

*ባለ 49 ወይም ባለ 61 ቁልፍ፣ የራሱ ድምፅ የሌለው።* ዋጋው መካከለኛ ነው። በሁለት እጅ ኮርድና ቤዝ ለሚያስገባ፣ አራት ድምፅ ለሚጽፍ የኳየር መሪ ይመቻል። 49ኙ ከላፕቶፕ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊሆን ይችላል፤ 61ዱ ግን ላፕቶፑን ወደ ጎን ስለሚገፋ ለቁጥሮቹ እጅ መዘርጋት ግድ ይሆናል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሰዓታት ለሚሠራ ሰው ትከሻው ላይ ይቆጠራል።

*በቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ያለው ባለ ሪትም ኪቦርድ።* በከተማችን ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። አዲስ ከመግዛት በፊት የኪቦርዱን ጀርባ መመልከት ይገባል። አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለውና «ዩኤስቢ ቱ ሆስት» የሚል የተጻፈበት ቀዳዳ ካለ ሥራው አልቋል፤ የሚያስፈልገው ገመድ ያው የፕሪንተር ገመድ ነው፤ በየኮምፒውተር ሱቁ ይገኛል። ጠፍጣፋው የፍላሽ ቀዳዳ ግን ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ፍላሽ ለመሰካት ብቻ ነው። የቆዩ ኪቦርዶች ክብና ባለ 5 ቀዳዳ የሚዲ መሰኪያ አላቸው፤ ለእነሱ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ይገዛል። ርካሹ ገመድ በፍጥነት ሲጫወቱ ኖታ ሊዘል ይችላል፤ ደረጃ በደረጃ ለሚጽፍ ሰው ግን ያገለግላል። የገመዱ ሁለት የሚዲ ጫፎች ከተሰኩ በኋላ ኮምፒውተሩ ምንም ካልሰማ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ጫፎቹን ማቀያየር ነው። ሁለቱም መሰኪያ የሌላቸው ኪቦርዶችም አሉ፤ ለምሳሌ የያማሃ ፒኤስአር ኤፍ51 እና ፒኤስአር ኢ273 ከኮምፒውተር ጋር በሚዲ አይገናኙም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለዚህ ጉዳይ አይረዳም፤ በእሱ የሚወጣው ድምፅ እንጂ የቁልፍ ቁጥር አይደለም።

ከመጻፍ በፊት በኪቦርዱ ላይ አራት ነገር ይስተካከል። ሪትሙ ይጥፋ፤ አለበለዚያ የአጃቢው ከበሮና ቤዝም ወደ ኖታው ሊገባ ይችላል። ሁለት ድምፅ ደርቦ የሚያሰማው ሁኔታ ይጥፋ፤ አንዱን ኖታ ሁለት ጊዜ ሊልክ ይችላል። ትራንስፖዙ (ድምፁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያሸጋግረው) ዜሮ ላይ ይሁን። ሶፍትዌሩም ኪቦርዱም አብረው ሲጮኹ ድምፁ ድርብ ሆኖ ከተሰማ ቁልፎቹ የኪቦርዱን የራሱን ድምፅ እንዲያሰሙ የሚያደርገው «ሎካል ኮንትሮል» ይጥፋ። የመብራቱን ነገር በተመለከተ፣ ከእነዚህ ኪቦርዶች አንዳንዶቹ በባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ትልልቆቹ ግን ሶኬት ብቻ ይፈልጋሉ።

*ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖ።* ለኖታ ማስገቢያ ብቻ ተብሎ የሚገዛ አይደለም። ፒያኖ የሚያጠና ወይም የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ ካለው ይጠቀምበት፤ እየተጫወቱ ለመቅዳት ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው።

ሶፍትዌሮቹ

ሚውዝስኮር ነፃ ነው፤ የመስመር ብዛት አይገድብም፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸገር ሰው ይህ ብቻውን ሚዛኑን ይደፋል። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚጋበዙት የድምፅ ስብስቦች ግን ብዙ ጊጋባይት ስለሆኑ ኖታ ለመጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሳያወርዳቸው መሥራት ይችላል። በስልክ ላይ ያለው የሚውዝስኮር መተግበሪያ ኖታ ለማየትና ለመስማት እንጂ ለመጻፍ አይደለም።

ሲቤሊየስ በቀጥታ ቅጂ የሚበልጥ ሲሆን በርካታ ባለሙያዎች የለመዱት ነው፤ ሙሉው እትም ውድ ነው፤ ነፃው እትም የመስመር ገደብ አለው። ርዝመት የሚመረጠው ከኮምፒውተሩ ጎን ባሉት ቁጥሮች ስለሆነ ትንሽ ላፕቶፕ ያለው ሰው ተለዋጩን የቁልፍ አሠራር ማብራት አለበት። ቁጥሮቹም ከሚውዝስኮር ይለያሉ፤ እዚህ ሩብ ኖታ 4 ነው፤ በሁለቱ ተፈራርቆ የሚሠራ ሰው ይህን ያስተውል። ዶሪኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ምቱ ሲቀየር ባሮቹን ራሱ እንደገና ማደላደሉ በ6/8 እና በ3/4 መካከል ለሚወላውል ጸሐፊ ትልቅ እፎይታ ነው። ለመልመድ ግን ከሦስቱ ይከብዳል።

ፊናሌን አዲስ ጀማሪ አይምረጠው፤ አዘጋጁ ድርጅት በነሐሴ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ልማቱን ማቆሙን አስታውቋል። የቆየ የፊናሌ ሥራ ያለው ሰው ሶፍትዌሩ የተጫነበት ኮምፒውተር ሳይበላሽ ፋይሎቹን የኖታ ሶፍትዌሮች በሚለዋወጡበት በሚዩዚክ ኤክስኤምኤል መልክ ያውጣ።

የአማርኛ ግጥም በሦስቱም ይጻፋል። የግጥሙን ፎንት ግዕዝ ወዳለው፣ ለምሳሌ ወደ ኒያላ ወይም ወደ አቢሲኒካ መቀየር ነው። አከፋፈሉ በፊደል ብዛት ሳይሆን በሚዜመው ድምፅ መሆን አለበት፤ «ትዝታ» ሦስት ፊደል ቢሆንም ሲዜም «ትዝ» እና «ታ» ተብሎ በሁለት ኖታ ሥር ሊቀመጥ ይችላል፤ በመካከላቸው ሰረዝ ይገባል። ኖታው በሙሉ ከገባ በኋላ ግጥሙን በአንድ ጊዜ መጻፍ ኮምፒውተሩን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ከመመላለስ ያድናል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ርዝመቱን የሚወስነው | ሲገባ ያለው ፍጥነት | እርማት | የሚስማማው | የሚበቃው ኪቦርድ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| በኮምፒውተሩ ቁልፎች ብቻ | ጸሐፊው | ለአንድ ዜማ መካከለኛ፣ ለኮርድ ዝግተኛ | ጥቂት፣ በተለይ ኦክታቭ | ነጠላ ዜማ | አያስፈልግም | የለም |
| ደረጃ በደረጃ | ጸሐፊው | ጥሩ | የሻርፕና ፍላት ስያሜ | የቅኝት ዜማ፣ ኮርድ፣ ነፃ ፍጥነት ያለው ሁሉ | 25 ቁልፍ | ርካሽ |
| ድምፁን ብቻ መተካት | አስቀድሞ የተጻፈው ምት | በጣም ፈጣን | የሻርፕና ፍላት ስያሜ | ምቱ የሚደጋገም ዘፈን | 25 ቁልፍ | ርካሽ |
| እየተጫወቱ መቅዳት | ሶፍትዌሩ | በጣም ፈጣን | ብዙ | ቋሚ ፍጥነት ያለው የፒያኖ ሥራ | 61 እና ከዚያ በላይ | ከመካከለኛ እስከ ውድ |
| ከመቅረጫ ሶፍትዌር | ሶፍትዌሩ | ሥራው ካለ ፈጣን | ብዙ | ከበሮ፣ ቤዝ፣ አጃቢ ክፍል | በስቱዲዮ ያለው | አስቀድሞ የወጣ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ሚውዝስኮርና የኮምፒውተሩ ቁልፎች ይበቃሉ፤ ሲመቸው ባለ 25 ቁልፍ ቢጨምር ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ አያስፈልገውም። ዜማ ከቅጂ ላይ እያዳመጠ ለሚጽፍም ምክሬ ተመሳሳይ ነው፤ ድምፁን አስቀድሞ የሚቀበለውን አሠራር ይምረጥ።

የኳየር መሪ በቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ኪቦርድ ጀርባ ሳያይ አዲስ አይግዛ። መሰኪያ ካለው የፕሪንተር ገመድ ብቻ ገዝቶ ኮርዶቹን ደረጃ በደረጃ ያስገባ። ኪቦርዱ ከመድረክ የማይነሣ ከሆነ ባለ 49 ቁልፍ ለቤት ይገባዋል።

በስቱዲዮ ለሚሠራ አቀናባሪ የከበሮውንና የቤዙን ክፍል ከመቅረጫው አምጥቶ የነፋሾቹንና የድምፃዊውን ዜማ በእጁ ቢጽፍ ይመረጣል። ሥራውን ለሌላ አገር ባንድ የሚልክ ከሆነ፣ ተቀባዩ የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር አስቀድሞ ጠይቆ በሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ይላክ፤ ሚዲ ፋይል ከላከ ግጥሙና ያረመው የፍላት ስያሜ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ምት ጠብቆ የሚጫወት ፒያኒስት ብቻ ለሲቤሊየስና ለትልቅ ኪቦርድ ቢከፍል ያዋጣዋል።

ያገለገለ ኪቦርድ የሚገዛ ሰው፣ የፒያሳ ሱቆች በኮሪደር ልማቱ ከተበተኑ ወዲህ ዕቃ የሚገኘው በየሕንፃው ውስጥና በሰው በሰው ስለሆነ፣ መልሶ ለመለወጥ አይመቸውም። ስለዚህ ላፕቶፑንና የፕሪንተር ገመዱን ይዞ ይሂድ፤ ሚውዝስኮርን ከፍቶ ከዝቅተኛው ቁልፍ እስከ ከፍተኛው እያንዳንዷን አንድ በአንድ ይጫን፤ እያንዳንዷ አንድ ኖታ ብቻ መጻፏን፣ ሁለት ጊዜ የምትጽፍ ወይም ጨርሶ የማትጽፍ ቁልፍ አለመኖሯን ዓይቶ ይክፈል።